ከፋዩ ሌላ፣ ባለፊቱ ሌላ

ካሪካቸር፣ ማለትም የሰውን መልክ አጋንኖ የሚያሳይ ሥዕል፣ የሚያዘኝ ሰውና ካሪካቸሩ የሚሠራለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። ሥራውን ስጀምር ይህን ማንም አልነገረኝም። ያን ጊዜ የሚያስጨንቀኝ እጄ ነበር። መስመሬ ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው አልመስል አለ፣ ዓይኑ አልመጣልኝም እያልኩ ስብሰለሰል አመሽ ነበር። እጅ እኮ ይለመዳል። ብዙ ፊት ከሳልክ እጅህ ራሱ መንገዱን ያገኘዋል። እስከ ዛሬ ያልለመድኩት ብሩን አንዱ ከፍሎ ፊቱን ሌላው የሚያዋጣበትን ነገር ነው።

ሚስት ለባሏ ልደት ታዛለች። የመሥሪያ ቤት ሰዎች አዋጥተው ለሚለቅ አለቃቸው ሽኝት ያዛሉ። ልጆች ከቨርጂኒያ ወይ ከዱባይ ሆነው ለእናት አባታቸው የጋብቻ በዓል ያዛሉ። ጓደኛ ለጓደኛው ምርቃት ያዛል። "እኔን ራሴን ነው የምትሠራኝ" ብሎ የሚመጣም አለ፤ ለቴሌግራም ፕሮፋይሉ ወይም ለሱቁ ማስታወቂያ ይሆናል። እሱ ቀላል ነው። ከራሱ ጋር ይጣላል፣ ከራሱ ጋር ይታረቃል። ጣጣው ያለው ስጦታው ላይ ነው። ሰጪው መሳቅ ይፈልጋል። ተቀባዩም እንዲስቅ ይፈልጋል። ተቀባዩ ግን ምን እየመጣበት እንደሆነ ገና አልሰማም።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ጨዋታው ይገባዋል። አንዱ ብር ይሸልምና "ተቀበል" ይላል። ግጥሙ የሚወርደው ግን ማዶ ጠረጴዛ የተቀመጠው ራሰ በራ ላይ ነው። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ራሰ በራውም ይስቃል፤ ካልሳቀማ ጉድ ፈላ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ የሰውየውን ፊት ያያል። ሁለተኛዋን ስንኝ የሚያወጣው የመጀመሪያዋ እንዴት እንዳረፈች አይቶ ነው። ሰውየው ከከፋው ሦስተኛዋ ወደ ሙገሳ ትዞራለች፣ ነገሩም ይለዝባል። ካዛንቺስ በ2017 ከመፍረሱ በፊት እዚያ ያሉ ቤቶች ጥሩ ደንበኛ ነበርኩ። ለመጠጡ ብቻ አልነበረም። አዝማሪ ሰው እስከ ምን ድረስ እንደሚችል በአንድ ጊዜ ዕይታ ይለካል። እኔ ይህን ዕድል አላገኝም። የላክሁት ፋይል ተልኳል። ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ በቀይ ሪባን ታስሮ፣ ኬክ በሚቆረስበት ሰዓት ይከፈታል። የምመልሳት ሦስተኛ ስንኝ የለችኝም።

አንዲት ልጅ ከአሜሪካ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። እናቷ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ እህት ወንድሞቿ ተሰባስበው ሊያከብሩላቸው ነው። ፎቶዎች ላከች። አንዱ የድሮ ጉርድ ፎቶ ነው፤ የዚያ ዘመን ሰው ካሜራ ፊት አይስቅም፣ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ነው የሚቆመው። ሌላው የጥምቀት ነው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። ሴትዮዋ ደስ የሚል ፊት አላቸው። ሰፊ ግንባር፣ ወደ ታች ወረድ ያለ ጠንካራ አፍንጫ፣ ጉንጫቸው ላይ ስርጉድ። አንገታቸው ላይ ደግሞ ንቅሳት አለ፣ ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ ዙሪያውን በየረድፉ የወረደ። ልጅቷ ከፎቶዎቹ ሥር "ንቅሳቱን ተወው እሺ፣ አትወደውም፣ ሁሌ በነጠላ ነው የምትሸፍነው" አለችኝ። እሺ አልኩ። ከፋይ ናት፣ ልጅም ናት፣ እናቷን ከኔ በላይ ታውቃለች።

ልደቱ በተከበረ በማግሥቱ ስልኬ ጮኸ። በቪዲዮ ነው። ሴትዮዋ ራሳቸው ናቸው፣ ሥዕሉ ከኋላቸው ሶፋ ላይ ቆሟል።

"አንተ ነህ ሠዓሊው?"

"አዎ እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን። የኔ ልጅ፣ አንገቴን የት ጣልከው?"

ልጅቷ ከጎን ሆና "እማዬ እኔ ነኝ እኮ ያልኩት" ትላለች። እሳቸው አልሰሟትም፣ ወይም ሰምተው ዝም ብለዋል። "ይሄን ስነቀስ ስንት ቀን እንዳበጠብኝ ታውቃለህ? በእሾህ ነው የወጉኝ። ጥላሸት ነው የቀቡት። አልቅሼ አልጨረስኩም። ይኸውና አንተ በአንድ ቀን አጠብከው!" ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ከእናቷ ጋር ስለ ንቅሳቱ ተነጋግራ እንደማታውቅ ከሁኔታዋ ያስታውቃል። ነጠላው አንገት የሚሸፍነው ለብርድ ይሁን ለሌላ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ሁለተኛውን ሠራሁ፣ ልጅቷም ከፈለች። አንገቱን ዘለግ አደረግሁትና ንቅሳቱን በየመስመሩ በጥንቃቄ አወጣሁት። ነገሩን እዚህ የማነሣው ስለ አንገቱ ብቻ ብዬ አይደለም። በሁለቱም ሥዕል ላይ አፍንጫቸውን ከፊታቸው እኩል አድርጌው ነበር። ስለ አፍንጫው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሰው የሚከፋው ባጋነንክበት ቦታ ይመስልሃል። ከልምዴ እንዳየሁት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚከፋው በዘለልከው ቦታ ነው።

ስለ ማጋነን ትንሽ ልበል፤ ሰው አፍንጫ መጎተት ይመስለዋልና። ካሪካቸር የሚሠራው በንጽጽር ነው። በአእምሮህ ውስጥ አንድ አማካይ ፊት አለ፣ ዕድሜህን ሙሉ ካየሃቸው ፊቶች የተጠራቀመ። የምትስለው ሰው ከዚያ ፊት የሚለይበትን ታገኛለህ፣ ልዩነቱን ታሰፋዋለህ። እ.ኤ.አ. በ1987 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጊሊያን ሮድስና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የሚያውቁትን ሰው ልኩን ጠብቆ ከተሠራው የመስመር ሥዕል ይልቅ በካሪካቸሩ ፈጥነው ለይተውታል። የተጋነነው ከትክክለኛው በላይ ሰውየውን ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ለእናቴም ነግሬያታለሁ። የተማርኩት አካውንቲንግ ስለሆነ እሷ ዘንድ አሁንም ማስረጃ ያስፈልገኛል።

ሁለተኛው ነገር የቦታ ጉዳይ ነው። አንዱን ስታሳድግ ሌላው ማነስ አለበት። አፍንጫው ከጨመረ ግንባሩ ይከፍላል። አገጩ ከተሳበ ዓይኖቹ ይጠጋጋሉ። ሁሉን ባንዴ ያሳደገ ሰው ትልቅ ፊት እንጂ ካሪካቸር አልሠራም። ባላንስ ሺት ነው በአጭሩ። ትምህርቴ የጠቀመኝ እዚህች ላይ ብቻ ነው።

አማካይ ፊት ያልኩት ደግሞ ከአገር አገር ይለያል። እኔ ሥራውን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፣ አስተማሪዎቼ ሁሉ ፈረንጆች ናቸው። እነሱ ዓይን ትልቅ ሲሆን "ይኼን ያዝ" ይላሉ፣ ግንባር ሰፊ ሲሆን "ይኼን ያዝ" ይላሉ። ያዝኩ። በመጀመሪያዎቹ ሥራዎቼ ያለው ሰው ሁሉ የአንድ አያት ልጅ ይመስላል። እዚህ አገር ትልቅ ዓይንና ሰፊ ግንባር ማን የሌለው አለ? ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቅንድብ አጀማመር ላይ፣ የላይኛው ከንፈር ላይ፣ ጆሮ ከራስ ቅል ጋር በሚገናኝበት፣ ሰውየው ሊናገር ሲል አፉ በየት በኩል እንደሚቀድም። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ እስካሁን ሥራዬ ይኸው ነው፣ ከፊት የተቀመጡትን ጆሮ ማየት። ሰው ሲያፈጡበት አይወድም፣ ጆሮው ላይ ሲያፈጡበት ግን አያውቅም።

አንዳንዱ ማጋነን ደግሞ ውዳሴ ነው። ፍንጭት ጥርስ ያላትን ሴት ፍንጭቷን አስፍተህ ሳላት፣ ትመርቅሃለች። ድዷን የተነቀሰችውንም እንዲሁ። ቦርጭ የሚያኮራው ሰው ነበር፣ አሁን ቀንሷል፤ ጂም መጣ። ፀጉር ግን አደገኛ ነው። ሙሉ በሙሉ ራሰ በራ የሆነ ሰው ችግር የለበትም፣ ተስማምቶ ጨርሷል። ከፊት ለፊት መሸሽ የጀመረበት ሰው ነው የሚያስቸግርህ። ገና እየተደራደረ ነው።

ስለ ቆዳ ቀለም የሚመጣውን ጥያቄ ግን ሳቅ አድርጌ አላልፈውም። "ትንሽ ቀላ አድርጋት" የሚል መልእክት ይደርሰኛል። ከሙሽራ ቤተሰብ ይመጣል፣ ከእጮኛ ይመጣል። ጠይሟን ቀይ ዳማ፣ ጥቁሯን ጠይም እንዳደርግ ነው የሚፈለገው። አላደርግም። አፍንጫ ላይ እደራደራለሁ፣ ሆድ ላይ እደራደራለሁ፣ እዚህ ላይ ቀብዱን እመልሳለሁ። ስንቱ ደንበኛ በዚህ እንደሄደ እኔና ባንኬ እናውቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ ከዩቲዩብ አይገኝም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይህ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ የሰማዕታቱ ገራፊዎች ግን በጎን ይሳላሉ፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ ሳይጽፍ ነገረህ ማለት ነው። ወጣቱ ይህን አያስተውለውም፤ በጎን የተነሣው ፎቶው አገጩን ያሳምርለታልና ያንኑ ይልካል። ዕድሜ የጠገቡት ጋ ግን ነገሩ አልጠፋም። አንድ አባት በልጃቸው በኩል የላክሁትን በጎን የተሠራ ረቂቅ አይተው "ምን አጠፋሁ?" ብለው አስጠየቁኝ። አሁን ከስልሳ በላይ ለሆነ ሰው ሁለቱም ዓይን የሚታይበት ፎቶ እጠይቃለሁ። ምክንያቱን ግን አላብራራም፤ "ለሥራው ጥራት ነው" እላለሁ።

ሠርግና የድርጅት ዝግጅት ላይ መሳል ሌላ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ከፋዩ ባለ ድግሱ ነው፣ በሰዓት ይከፍላል። የሚሳለው ሰልፍ የያዘው ሁሉ ነው። ለአንድ ፊት አምስት ደቂቃ ባገኝ ነው። ጥቁር ማርከር፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ሁለት ወንበር፣ አለቀ። እርሳስና ላጲስ የያዘ ሰው እዚያ አይዘልቅም። ሁልጊዜ የሚያስቀምጡኝ ዲጄው አጠገብ ነው። የድምፅ ማጉያው ሲመታ ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያው ሰዓት ማንም አይመጣም፣ ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ደፋር ሕፃን ይመጣል። ከሕፃኑ በኋላ ሰልፉ አያልቅም። በመሃል አንዲት እናት ሰሃን ሙሉ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። እጄ ቀለም መሆኑን ባሳይ ማን ሊሰማኝ፣ "በሞቴ" ብለው በእጃቸው ያጎርሱኛል። እያኘክሁ የሰው አፍንጫ እስላለሁ።

እዚያ ወንበር ላይ የሚሆነው ነገር ሁሌ ያስገርመኛል። የተቀመጠው ሰው ሥዕሉን የሚያየው ካለቀ በኋላ ነው። ከኋላዬ የቆሙት ግን ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምረው ያያሉ። ስለዚህ ሰውየው ራሱን የሚያነበው ከነሱ ፊት ላይ ነው። አንዷ "ውይ!" ስትል እጁ ሳያውቀው ወደ አፍንጫው ይሄዳል። ሌላው ሳቁን በመዳፉ ሲያፍን ይህኛው አገጩን ቀና፣ ሆዱን ገባ ያደርጋል። ሆዱን አልሳልኩም እኮ! ጭንቅላት ብቻ ነው የምሠራው። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለ ራሱ የሚፈራውን ሁሉ በተራ ሲነካ አያለሁ። ፀጉሩን፣ ጥርሱን፣ ጉንጩን። የቱን እንደማልነካበት የሚነግረኝ ይኸው ነው።

አንድ ዘዴ አለችኝ። ሳቁ ከመጀመሩ በፊት "ይቺን አፍንጫ ከማን ነው የወረስካት?" እላለሁ። "ከአባቴ" ይላል፣ ወይም "የአክስቶቼ ሁሉ እንዲህ ነው" ይላል። ያኔ ከኋላ ሲሳቅ ብቻውን አይደለም፤ አክስቶቹም አብረውት ወንበሩ ላይ አሉ። አንዳንዱ ሥዕሉን ይዞ ሄዶ አጎቱን ጎትቶ ያመጣል፣ "ይኸው ባለቤቱ" ብሎ።

ሙሽራዋን በሠርጓ ቀን አላጋንንም። ሥነ ምግባር አይምሰላችሁ። ከሜካፑ ሥር ያለውን ፊት ስለማላውቀው ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዓመቱ እኩል አይከፋፈልም። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር የሠርግ ወር ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሃምሳ አምስት ቀን ለኦርቶዶክሱ ሠርግ የለም፣ ለኔም ሥራ ይቀዘቅዛል። የሙስሊምና የፕሮቴስታንት ሠርግ፣ የልደት ትእዛዝ ያቆየኛል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይግላል። ሰኔና ሐምሌ ምርቃትና ሽኝት ነው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ኤምባሲውና ኤንጂኦው የዓመት መዝጊያ ድግስ ይደግሳል። እነሱ ይፈሩኛል፣ ፈረንጅ አለቃቸው ይስቃል፣ ሠራተኛው ግን አለቃው እስኪስቅ ይጠብቃል።

ቀብድ ግማሽ እቀበላለሁ። ያለ ቀብድ የተሠራ ሥራ ስልኩን የማያነሳ ደንበኛ ነው ትርፉ። ግለሰብ በቴሌብር ይልክልኛል፣ አለቀ ደቀቀ። ድርጅት ሲሆን ነው ፈተናው። የመጀመሪያው ጥያቄ "ደረሰኝ አለህ?" ነው። ሁለተኛው "ቲን ነምበር አለህ?" ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቲን የሌለው አቅራቢ ከሚከፈለው 30 በመቶ እንዲቀነስ ያዛል። ቲን አወጣሁ። ከዚያ ንግድ ፈቃድ መጣ። የፈቃዱ ዘርፍ ምን እንዲባል ሲጠየቅ "ሰውን አሳንሼና አሳድጌ እስላለሁ" አልኩ፣ መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝ። የማስታወቂያ ሥራ ብለን ተስማማን። ወረቀቱ ሁሉ ከተሟላ በኋላም ቢሆን ክፍያው ቶሎ አይመጣም። "ፋይናንስ ጋ ገብቷል"፣ "ፈራሚው መስክ ወጥቷል"፣ "ሰኞ ደውል"። አንድ ትልቅ ድርጅት ደግሞ ለአዳራሽ ሙሉ እንግዳ ቀኑን ሙሉ እንድስል ጠይቆኝ ዋጋ ስናገር "ሥራህ እኮ ይተዋወቅልሃል" አለኝ። የቤት አከራዬ በመተዋወቅ አታምንም።

ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝ ዋጋው የተሻለ ነው። መቀበሉ ግን ሰንሰለት አለው። ፔይፓል እዚህ ገንዘብ አያስገባልንም። ስለዚህ ልጁ ከሲያትል ለአክስቱ ይልካል፣ አክስት ለልጃቸው ይሰጣሉ፣ ልጃቸው ይደውልልኛል፣ ቦሌ ካፌ ተገናኝተን ቡና ጠጥተን እንለያያለን። የቡናውን እኔ ነኝ የምከፍለው። በሌላ በኩል የዲጂታል ብዕሬ ጫፍ ሲያልቅ፣ ማርከሬ ሲደርቅ፣ ሁሉም በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ባጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ለባለ አንድ ሰው ሥራ ዋጋ ስጨምር ደንበኞቼ "አንተም?" አሉኝ። ዕቃ ሰው ሲመጣ ነው የማስመጣው። ሰው ካልመጣ በደረቀችው ማርከር ጥላ እሠራባታለሁ፤ ለፂም ጥሩ ናት።

ፍሬም የሚሠራልኝ ሰው ፒያሳ ነበር። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ሄደ። አሁን ከከተማው ዳር ነው ያለው። አንድ ፍሬም ለማምጣት ግማሽ ቀኔ ይሄዳል፤ ግን ሰውየውን አልለቅም። ሥራዬን በመስታወት ከመክደኑ በፊት ያየዋል፣ ከሳቀ "ይሄ ይሄዳል" ይላል። ካልሳቀ ዝም ብሎ ይመታዋል። የሥዕል ተቺ ማለት ለኔ እሱ ነው።

የኢንተርኔቱንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሰው ሞቶ፣ ቤት ተቃጥሎ ባለበት ሰዓት ስለ ካሪካቸር ማዘን ያሳፍራል። ኪራይ ግን ነበረብኝ፣ ቀብድ የተቀበልኩባቸው ሥራዎችም ነበሩ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ "ብሬን ይዘህ ጠፋህ" የሚል መልእክት ከውጭ ተደርድሮ ጠበቀኝ።

"ለምን ፖለቲካ አትሠራም?" የሚሉኝ አሉ። ስለ ካሪካቸር ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚታየው እሱ ነው። ልክም ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዶሚዬ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን የሕዝቡን ግብር የሚውጥ ግዙፍ ሰው አድርጎ ስሎ እ.ኤ.አ. በ1832 ወህኒ ወርዷል። ዶሚዬ ይሠራበት የነበረው ጋዜጣ አሳታሚ ፊሊፖን ደግሞ ችሎት ፊት የንጉሡን ፊት በአራት ደረጃ ወደ ፒር ፍሬ ሲለወጥ አሳይቶ የትኛው ላይ ነው ወንጀሉ ብሎ ተሟግቷል። እዚህም ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ በወጡት የግል ጋዜጦች ላይ ባለሥልጣን እንዴት ይሳል እንደነበር አባቴ ካጠራቀማቸው ቅጂዎች አይቻለሁ። ያ ሥራ ሌላ ዓይነት ድፍረት ይጠይቃል፤ የሚሠሩትን ባርኔጣዬን አንሥቼ ነው የማያቸው። የነሱ ጠላት ግን ይታወቃል። የተሳለው ሰው እንዲወደው አይጠበቅም። እኔ የምስለው ሰው ሥዕሉን ሳሎኑ ሰቅሎ እንግዳ ሲመጣ "ይኼ እኔ ነኝ" እንዲል ነው የሚፈለገው።

አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት የተማሩ ጓደኞች አሉኝ። ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ስንት ታላላቅ ሠዓሊ ያፈራ። እነሱ ሸራ ወጥረው ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ እሄዳለሁ። "አንተስ ምን እየሠራህ ነው?" ሲሉኝ "አፍንጫ" እላለሁ። ይስቃሉ። ጥር ላይ ግን ደውለው "ሠርግ የሚበዛብህ ከሆነ አሻግረኝ" የሚሉኝም እነሱው ናቸው።

አሁን ደግሞ ኤአይ መጥቷል። በ2017 መጋቢት ላይ ሰው ሁሉ ፎቶውን ወደ ጃፓን ካርቱን የቀየረበት ሰሞን ትእዛዜ ቀጥ ብሎ ነበር። "ይኸው በነፃ ሠራሁት" እያሉ የሚልኩልኝ ነበሩ፤ ምን እንድል እንደፈለጉ እንጃ። ሥራው ያምራል፣ አልዋሽም። ቆዳው ለስላሳ፣ ዓይኑ የሚያበራ። ችግሩ ሁሉም ወደ መሃል መሄዱ ነው፤ ፍንጭቱ ይዘጋል፣ የቅንድቡ ጠባሳ ይጠፋል፣ አንገት ይጸዳል። ማሽኑ የሚያውቀው ከፋዩን ብቻ ነው። ከፋይ "አሳምራት" ካለው ያሳምራታል፣ በማግሥቱ የሚደውሉበት እናት የሉበትም። አንዳንድ ደንበኞቼ ተመልሰዋል። ሁሉም ግን አልተመለሱም፣ የሚመለሱም አይመስለኝም። ለልደት ፖስት ብቻ ከሆነ እኔም ብሆን ነፃውን ነው የምወስደው።

አሁን ትእዛዝ ስቀበል ከፎቶው ጋር አንድ ጥያቄ አክያለሁ፤ "የሚሳለው ሰው በራሱ ላይ ሲቀልድ በምን ይቀልዳል?" ሰው ራሱ የሚቀልድበትን ነገር እንደፈለግህ ብታሳድገው አይቀየምህም። በራሱ ከማይቀልድበት ነገር ግን እጅህን አንሣ። አንዳንዱ "አላውቅም" ብሎ ይመልሳል፣ ያኔ ሥራው የከበደ መሆኑ ይገባኛል። ሚስቶች ቶሎ ይመልሳሉ። ባሎች "ቆይ ልጠይቃት" ይላሉ፣ ሰርፕራይዙም እዚያው ያልቃል።

በቅርቡ አንድ ክፍል አለቃቸውን ሊሸኙ አዘዙኝ። ጥያቄዬን በግሩፕ ላኩላቸው። ግሩፑ ላይ መልሱ አንድ ነው፤ "ጋሼ በጣም ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ምንም ቢሆን አይከፋቸውም፣ ደስ ያለህን ሥራ።" እሺ ብዬ ሳልጨርስ ኢንቦክሴ መሙላት ጀመረ፣ እያንዳንዱ ለብቻው። አንዱ "ቁልፋቸውን ሁሌ ይጥላሉ፣ እሱን አስገባ።" ሌላዋ "የፀጉር ቀለም እንደሚቀቡ እንዳታሳይ፣ በማርያም።" ሌላው "ቀለሙን አሳይ! ሁሉም ያውቃል።" የሒሳብ ክፍሏ "ስብሰባ ላይ ሲተኙ ብታደርጋቸው ሞትኩ በሳቅ።" ሾፌሩ በድምፅ መልእክት "አለቃዬን አደራ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ክራቫታቸውን አትርሳ።" ሁሉም መጨረሻ ላይ ያስቀመጧት ዐረፍተ ነገር ግን አንድ ናት፤ "እኔ ነኝ ያልኩት እንዳትል።"

ቁልፉንና ክራቫቱን አስገብቻለሁ። ፀጉሩ ላይ ገና አልወሰንኩም፤ ርክክቡ ዓርብ ነው።